በኪራይ ሞተር ሐረጎን ሲወርዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ለእረፍት ከአዲስ አበባ ደሴ መጣና በሦስተኛው ቀን ከጓደኛው ጋር ስኩተር ተከራየ። ከድርጅት አይደለም፤ ከአንድ ሰው እጅ፣ በቃል ብቻ። «አጎቴ፣ ኮምቦልቻ ምሳ በልተን እንመለሳለን» ብሎኝ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ቁልቁለት መሃል ላይ የፍሬኑ እጀታ እንደ ሊጥ ለስልሶ መሪው ድረስ መጥቷል፣ ስኩተሩ ግን መውረዱን አልተወም። ያቆማቸው ከመንገዱ ዳር የተከመረ አሸዋ ነው። ስደርስ ሁለቱም ጉልበታቸው ተልጦ አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ገና ከአካባቢው አልለቀቀም ነበር።

ፍሬን ጨብጦ መውረድ

ዋናው ስህተት ይህ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ሁለት ሰው የጫነ ስኩተር 250 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት የሚፈጥረው ሙቀት አራት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። ግማሹን ነፋስ ቢወስደው እንኳ ቀሪው የሚያርፈው የምግብ ሳህን በምታክል ዲስክና በትናንሽ ሸራዎች ላይ ነው።

ሸራ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚሄድ፣ ሳይቀየር የከረመ ከሆነ ቶሎ ይፈላል። ከዚያ በኋላ እጀታውን ሲጨብጡ የሚጨመቀው እንፋሎት ነው። የእህቴ ልጅ ያጋጠመው ይህ ይመስለኛል።

ማርሽ ያለው ሞተር ከሆነ፣ ያንን ዳገት በምን ማርሽ እወጣው ነበር ብለው ያስቡና በዚያው ማርሽ ይውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝልዎታል። ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወይም ሞተሩን አጥፍቶ የሚንሸራተት ሰው አለ። የቤንዚን ነገር እኔንም ያንገበግበኛል፤ ግን ሐረጎ ላይ የሚቆጠብ ቤንዚን የለም። ስኩተር ይብሳል፤ የሚቀየር ማርሽ የለውም፣ ጋዙ ተለቅቆ ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ሞተሩ ከጎማው ይላቀቅና እንደ ጋሪ ይንከባለላል። ስለዚህ ከኩርባው በፊት የፊትና የኋላውን ፍሬን አንድ ላይ ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ መልቀቅ፣ እንዲበርድ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። የተቃጠለ ነገር ከሸተተዎት ወይም እጀታው ከወትሮው ይልቅ ወደ መሪው ከተጠጋ፣ ሰፊ ቦታ ፈልገው ወዲያውኑ ይቁሙ። በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አያፍሱ፤ ሊጣመም ይችላል። ቁጭ ብለው ሸለቆውን ይዩ።

«አብሽር» ማመን

ወሎ ውስጥ አብሽር፣ ማለትም «አይዞህ፣ አታስብ»፣ የማይፈታው ችግር የለም፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ስለው እውላለሁ። አከራይ ሲለው ግን ጎማውን ይዩ። ጥርሱ ያለቀ፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ይተውት። ነፋሱን ጎሚስታ ጋ ያስለኩ። ከዚያ የፍሬኑን እጀታ በኃይል ጨብጠው ጥቂት ሰከንድ ይቆዩ፤ ቀስ እያለ ከሰመጠ ዘይት ያፈስሳል፤ ከለሰለሰ ደግሞ አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ከመክፈልዎ በፊት በአንዱ የከተማው ቁልቁለት ላይ ይሞክሩት፤ ደሴ ቁልቁለት አያጣም። መብራትና ስፖኪዮም አይርሱ።

ሰማዩን ሳያዩ መነሳት

ብዙው ሰው እረፍት የሚያገኘው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ እነዚህ ወራት ደግሞ የደሴ የጉምና የዝናብ ወራት ናቸው። ፒያሳ ላይ ሆነው የጦሳ ተራራ ካልታየዎት፣ ሐረጎ ላይም ብዙ ነገር ላይታይ ይችላል። ዝናብ ሲጀምር ያሉት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በተለይ ክፉ ናቸው፤ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ቆመው ሻይ ይጠጡ።

ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ኮምቦልቻን ያቋርጣል፤ ከፊሉም ይህንኑ ዳገት ይወጣል። ተሳቢ ያለው መኪና ጠባብ ኩርባ ሲዞር የእርስዎንም መስመር ይወስዳል፣ ሾፌሩ ቢፈልግ እንኳ ሌላ አማራጭ የለውም። ኩርባው ውስጥ አብረውት ለመግባት አይሞክሩ። ውጭ ቆመው ያሳልፉት።

በነጠላ ጫማ፣ ያለ ራስ ቁር

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው የራስ ቁር የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ግን ማሰሪያው ሲታሰር ነው። አስረው ጭንቅላትዎን ሲነቀንቁ ቁሩ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሌላ ይጠይቁ። ከኋላ የሚቀመጠውም ቁር ያስፈልገዋል፤ ረጅም ሱሪም ቢሆን። የጋለ ማርሚታ ባት ላይ የሚተወው ጠባሳ ለዓመታት አይጠፋም፣ የእህቴ ልጅ ጓደኛ ምስክር ነው።

ወረቀቱን መናቅ

የመኪና መንጃ ፈቃድ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ አይደለም። ሊብሬውን፣ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን ይጠይቁ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ይህን መድን ግዴታ አድርጎታል፤ መድኑ ግን ስሙ እንደሚለው ለሦስተኛ ወገን ነው፣ እርስዎ ነጂው ለሚሰበር እጅዎ አይተማመኑበት። ሲረከቡ ስኩተሩን ዙሪያውን በስልክዎ ይቅረጹ።

እኛ ይህን አላደረግንም ነበር። ስኩተሩን በአይሱዙ ጭነን ስንመልስ ባለቤቱ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ልጆቹ ጉልበት ሳይሆን ጎኑ ላይ ስላለው ጭረት ነው። የቆየ ጭረት ይሁን የዚያን ቀን፣ ማስረጃ ስላልነበረን ከፈልን። ስለ ፍሬኑ ስነግረው እጀታውን ሁለት ጊዜ ጨበጥ ጨበጥ አደረገው። በርዶ ስለነበር ድርቅ ብሎ ያዘ።

«ይኸው ይይዛል እኮ» አለኝ።