የበልግ ጓሮ፦ ዝናቡ ሳይገባ የሚያልቅ ሥራ

በወሎ የበልግ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይጥላል። አንዳንድ ዓመት ግን ዘግይቶ ይገባል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጀምሮ ለሳምንታት ይጠፋል። ስለዚህ ቁፋሮውም ፍግ ማልበሱም በጥር ማለቅ አለበት። ዝናብ ጠብቆ ዶማ የሚያነሳ ሰው የአጭሩን ወቅት ግማሽ በቁፋሮ ይጨርሰዋል።

መጀመሪያ አፈሩን በእጅ ፈትሹ። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጫሩና አንድ ጭብጥ አውጥታችሁ እንደ ሊጥ ጨምቁት፤ ከወገብ ከፍታም ልቀቁት። ከተበታተነ መሬቱ ለዶማ ደርሷል። ድቡልቡል እንዳለ ከቀረ ጥቂት ቀን ይጠንፍፍ። እርጥብ ዋልካ ሲቆፈር ተጠፍጥፎ ይደርቅና ሥር የማያልፈው ጓል ይሆናል፤ ያንን መከስከስ ከቁፋሮው የባሰ ነው። ደርቆ የተሰነጠቀውን ደግሞ በዋዜማው ውኃ አጠጡት።

ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። ሰርዶ ካለ ሥሩን በእጅ ልቀሙት፤ በዶማ ከተቆራረጠ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደገና ያቆጠቁጣል። የተለቀመውን ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ አቃጥሉት እንጂ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አትጣሉት።

መደቡ 1 ሜትር ስፋት፣ መመላለሻው 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከሁለቱም ወገን እጅ መሀል ይደርሳል፣ አፈሩም አይረገጥም። ውኃ በሚያቁረው ዋልካ ላይ መደቡን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። እንደ ቆቦ ባለው ሞቃትና ደረቅ ቦታ ግን ዝቅ ያለ መደብ ይሻላል፤ ያገኘውን ውኃ ይይዛል። ተዳፋት ላይ መደቡ ቁልቁለቱን አግድም ይቁረጥ።

ለ1 ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ የበሰበሰ ፍግ በትኑና ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ቀላቅሉ። የበሰበሰ ፍግ ጠቆር ይላል፣ ይፈረፈራል፣ የእበት ሽታም የለውም። ትኩሱ የችግኝ ሥር ያቃጥላል፤ የካሮትንም ሥር መንታ ያደርገዋል። አመድ ከተጨመረ በስሱ ይሁን፣ ድንች መደብ ላይ ግን ይቅር፤ ቆዳው ላይ እከክ ያበዛል።

ችግኝ የሚፈላው በውኃ ነው፤ ዝናብ አይጠበቅም። የዕቃ እጣቢም ያገለግላል፣ በረኪና ወይም ብዙ ጨው ካልገባበት። ቀይ ሽንኩርት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስለሚወስድ ቀድሞ ይዘራ፤ ጎመን ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይበቃዋል። የቆየ ዘር፣ በተለይ የሽንኩርት፣ ቶሎ ይመክናል። አስር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡና ከ10 ቀን በኋላ ቁጠሩ። ከ5 በታች ከበቀለ ሌላ ዘር ግዙ።

ዘሩን 1 ሳንቲ ሜትር አልብሳችሁ በደረቅ ሣር ሸፍኑ። ብቅ ሲል ሣሩን በዚያው ቀን አንሱት፤ ከዘገየ ችግኙ ገርጥቶ ይመዘዛል። በኩታበርና በወረኢሉ ደጋ ውርጭ ስለሚያሰጋ ማታ ማታ መደቡን ከፍ ባለ ዳስ ሸፍኑት፣ ሲነጋ ግለጡት። ለመንቀል ሳምንት ሲቀረው ውኃውን ቀንሱ፤ ችግኙ ይጠነክራል።

የመጀመሪያው ካፊያ አያታልላችሁ። ካሮትና ቀይ ሥር ቀጥታ የሚዘሩት መሬቱ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲርስ ነው። ላዩ ብቻ ከራሰ ዘሩ ይበቅልና ፀሐይ ሲበረታ ይደርቃል፤ ዘር የሚባክነው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ጎመን ከ10 ሰዓት በኋላ፣ በችግኞች መካከል 40፣ በመስመሮች መካከል 50 ሳንቲ ሜትር እየተተወ ይተከል። ጠዋት ችግኙ ከሥሩ ተቆርጦ ወድቆ ከተገኘ የቆራጭ ትል ሥራ ነው። ዙሪያውን እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጫሩ፤ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ታገኛላችሁ። ግደሉትና በዚያው ማታ ተኩበት፤ ለዚህም ከሚያስፈልጋችሁ 10 ችግኝ ላይ 2 ጨምራችሁ አፍሉ።