የጀልባ ሞተር ውሃ ሲጠማው፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሙቀት ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። ከሞተሩ ጀርባ ይፈስ የነበረው ውሃ ቀጥኗል፣ ወይም ጭራሽ ቆሟል። በዚህ ሰዓት የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ አንድ ዕቃ ይሮጣል፦ ኢምፔለር። ውሃ ፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለ ክንፍ ጎማ ማለት ነው። ይገዛል፣ ይቀየራል። ሞተሩም ተመልሶ ይግላል።

እኔም አድርጌዋለሁ። በአንድ ሳምንት ሁለት ኢምፔለር ቀይሬያለሁ። ጥፋቱ ግን ፓምፑ ጋ አልነበረም። የውሃ ማጣሪያው ክዳን ኦሪንግ (ክዳኑን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ሥር አንዲት የአሸዋ ፍሬ ተሸጉጣ ነበር። ክዳኑ እሷን ይዞ ተዘግቷል። ፓምፑ በዚያች ስንጥቅ ከውሃ ይልቅ አየር ሲስብ ከርሟል። አዲስ ኢምፔለር ቢገባለት፣ ያው አየር ነው የሚስበው።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ውሃው በሚሄድበት መንገድ እሄዳለሁ። ከታች የዘረዘርኳቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚህ መንገድ ስንወጣ የሚመጡ ናቸው።

ከመሃል መጀመር

መንገዱ እንዲህ ነው። ከጀልባው ኋላ በሚንጠለጠለው ሞተር፣ ማለትም በአውትቦርድ፣ ውሃው የሚገባው ከእግሩ ጎን ባሉት ወንፊት መሰል ቀዳዳዎች ነው። ከማርሽ ሳጥኑ በላይ ያለው ፓምፕ ይስበዋል፣ በቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ብሎኩንና ቴስታታውን (የሞተሩን አካልና የሲሊንደሮቹን ክዳን) ዞሮ፣ ሲሞቅ በሚከፈተው በር፣ በቴርሞስታት በኩል ያልፍና ከጭሱ ጋር ይወጣል። ጀልባው ሆድ ውስጥ በተተከለ ሞተር ደግሞ መንገዱ ረዘም ይላል። ከጀልባው ሥር ባለ ቀዳዳ ይገባል፤ ከዚያ የመግቢያው ቫልቭ፣ ማጣሪያው፣ ፓምፑ፣ ሙቀት መለዋወጫው (የውጭው ውሃ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ማለትም ኩላንቱን፣ የሚያቀዘቅዝበት)፣ የጭስ መውጫው ኤልቦ (መታጠፊያ ቧንቧው)፣ ማርሚታው (የጭሱ ድምፅ ማፈኛ)፣ በመጨረሻም ውጭ።

ርካሹ ምርመራ ሁሉ መንገዱ መጀመሪያ ላይ ነው ያለው። መግቢያው ላይ የተለጠፈ ፌስታል፣ አረም፣ ጭቃ። የጀልባውን ሥር ቀለም ሲቀቡ መግቢያ ቀዳዳውንም አብረው የደፈኑት አሉ። ሞተሩን አጥፍተው እግሩን ከፍ አድርገው ይዩት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ከሆነ ቫልቩን ዘግተው ቱቦውን ከላዩ ይንቀሉ። ከዚያ ቫልቩን ለአፍታ ብቻ ከፈት ያድርጉት። ውሃው ቡልቅ ብሎ መምጣት አለበት። ከተንጠባጠበ ችግሩ ከቫልቩ ወይም ከሥሩ ነው፤ ፓምፑን አይንኩት። ይህን ሲሠሩ ቀዳዳው ልክ የሚሆን የእንጨት ውታፍ አጠገብዎ ይኑር። አሮጌ ቫልቭ ተከፍቶ አልዘጋም ሊል ይችላል፤ ያኔ ውታፍ ፍለጋ መሮጥ አያምርም።

የሞተሩ አቀማመጥም አንድ ነገር ነው። አውትቦርዱ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ወይም ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከተዘነበለ፣ ጀልባው ፍጥነት ሲይዝ መግቢያዎቹ አየር ላይ ይቀራሉ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ውሃው ብቻ አልደረሰውም።

ጠቋሚዋን ውሃ ብቻ ማመን

ከአውትቦርዱ ጎን ቀጭን ሆና የምትተፋው ውሃ ብዙ ሰው አሳስታለች። ስትጠፋ "ፓምፑ ሞተ" ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የተደፈነችው ራሷ ቀዳዳዋ ናት። ሞተሩ ሲቆም ነፍሳት ጭቃ ይሠሩባታል፣ ጨው ይጋገርባታል። ሞተሩን አጥፍተው በቀጭን የፕላስቲክ ክር ይውጓት። የሣር ማጨጃ ክር ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ይገባል፣ ይተጣጠፋል፣ ብረት አይቧጭርም።

ተቃራኒው ይብሳል። ጠቋሚዋ እየፈሰሰች ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። በብዙ ሞተሮች እሷ የምትናገረው ፓምፑ መግፋቱን ብቻ ነው። ውሃው ቴስታታውን አልፎ ሄደ አልሄደ አትነግርዎትም። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቢቀር እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ትፈሳለች።

"ለአንዴ ብቻ" በደረቁ ማስነሳት

ኢምፔለሩን የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም የሚያልፍበት ውሃ ነው። ያለ ውሃ ጎማው ከብረቱ ጋር ይፋጫል፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ክንፎቹ ሊቃጠሉ ይችላሉ። "ድምፁን ልስማ ብዬ ነው" የሚባልባት ያቺ ደቂቃ ናት የምትገድለው። ጀልባው መሬት ላይ ከሆነ ለመግቢያዎቹ የውሃ ቱቦ ያለው ጆሮ መሰል መሸፈኛ ይግጠሙ፣ ወይም እግሩን በርሜል ውሃ ውስጥ ይንከሩት። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ቁልፍ።

ኢምፔለሩን ቀይሮ ክዳኑን መግጠም

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ነው።

አሮጌውን ሲያወጡ መጀመሪያ ክንፎቹን ይቁጠሩ። ስድስት ክንፍ የነበረው ኢምፔለር በአራት ከወጣ፣ ሁለቱ የሆነ ቦታ አሉ። ጎማ አይተንም። ከፓምፑ ቀጥሎ ያለው ቱቦ ውስጥ፣ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ፣ ወይም የሙቀት መለዋወጫው አፍ ላይ ተሸጉጠው ይገኛሉ። በአውትቦርድ ወደ ላይ የሚወጣውን ቱቦና የቴርሞስታቱን ቤት ይፈትሹ። ቱቦዎቹን ነቅለው ውሃውን በተቃራኒው አቅጣጫ ይልቀቁበት። ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ገጣጥመው ሁለት ሙሉ ክንፍ እስኪወጣቸው ድረስ ሥራው አላለቀም። ይህን ሳያደርጉ አዲሱን ከገጠሙ፣ ጥሩ ፓምፕ በተደፈነ ቱቦ ላይ እየገፋ ነው።

አሮጌው ክንፉ ሁሉ ሙሉ ሆኖ ቢወጣስ? ደህና ነው ብለው አይመልሱት። ጎማው ከመሃሉ ብረት ጋር የተጣበቀበት ቦታ ሊላቀቅ ይችላል። መልኩ ምንም አይልም፤ ጭነት ሲበዛ ግን ብረቱ ከዘንጉ ጋር ይዞራል፣ ጎማው ይቆማል። ብረቱንና ጎማውን አቋርጦ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ያስምሩ። ብረቱን በፒንሳ ይዘው ጎማውን በእጅ ጠምዘዝ ያድርጉት። መስመሩ ከተሰበረ ኢምፔለሩ ሞቷል።

ቀጥሎ ክዳኑ። የውስጡን ገጽ በጥፍርዎ ይዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ከተቆፈረበት ውሃው በዚያ እየተመለሰ ነው፤ ፓምፑ የመሳብ ጉልበቱን ያጣል። አንዳንዱን ክዳን ገልብጦ መጠቀም ይቻላል፣ ሌላው ይቀየራል። የፓምፑም ቤት በውስጥ ከተበላ አዲስ ኢምፔለር ብቻውን አያድነውም።

ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም ከክዳኑ ሥር የሚገባው ማሸጊያ፣ ወረቀት ሆኖ ስስ የሆነው በምክንያት ነው። ውፍረቱ በኢምፔለሩና በክዳኑ መካከል ያለውን ክፍተት ይወስናል። በእሱ ፋንታ ሲሊኮን መለጠፍ ያንን ክፍተት ማበላሸት ነው። ሲሊኮኑም ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይቆረጥና ሌላ ውታፍ ይሆናል።

ማለስለሻው ግሊሰሪን ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይሁን፤ ከነዳጅ ዘር የሆነ ግሪስ የብዙዎቹን ኢምፔለሮች ጎማ ይጎዳል። ክንፎቹ ዘንጉ ከሚዞርበት በተቃራኒ ወደ ኋላ ታጥፈው ይግቡ። በአብዛኞቹ አውትቦርዶች ዘንጉ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ የፓምፑን ቤት ወደ ታች እየገፉ ዘንጉን በዚያው አቅጣጫ ያዙሩት። ኢምፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘዋን ትንሽ ብረት ደግሞ አደራ። መሬት ላይ ወድቃ ትቀራለች፤ ሁሉም ነገር ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው የምትታየው።

መቼ እንደሚግል አለመጠየቅ

"ሞተሬ ይግላል" ግማሽ መረጃ ነው። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይጨምሩለት፣ ሲሠራ ነው ወይስ ሲሮጥ?

በሚኒሞ ግሎ ፍጥነት ሲጨምር የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ የደከመ ፓምፕ ይጠረጠራል። ቀስ ብሎ ሲዞር መግፋት ያቅተዋል፣ ሲፈጥን ይሸፋፈንለታል። በአንዳንድ አውትቦርዶች ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ወይም ክፍት ሆኖ የቀረ የግፊት ቫልቭም ይህንኑ ያሳያል። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ሲሮጥ የሚግል ከሆነ ደግሞ መንገዱ ጠቧል። ትንሽ ውሃ ያልፋል፣ ብዙ ሲጠየቅ አይበቃም። በከፊል የተደፈነ መግቢያ፣ ቆሻሻ የያዘ ሙቀት መለዋወጫ፣ የጠበበ ኤልቦ። አንድ የሚረሳም አለ፦ ከፓምፑ በፊት ያለው ቱቦ። ውስጡ ሽቦ የሌለው ለስላሳ ቱቦ ከሆነ፣ ፓምፑ በኃይል ሲስብ ተጨፍልቆ ይዘጋል። ሞተሩ ሲቆም ወደ ቦታው ይመለሳል። ቆሞ ያየው ሰው ምንም አያገኝበትም። ሌላ ሰው ነዳጅ እየሰጠ ቱቦውን በዓይንዎ ይከታተሉ፤ እጅዎን ግን ከቺንጋው ያርቁ።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል

"ያለ እሱ ይሻላል" የሚል መካኒክ አይጠፋም። አይሻልም። ሞተሩ ሙቀቱ ሳይደርስ ሲሠራ ነዳጅ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ጥላሸት ይበዛል። አንዳንዱ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። እሱ ከሌለ ውሃው ቀላሉን አቋራጭ ይዞ ይሄዳል፣ ብሎኩም ይብሱን ይግላል።

መፈተሹ ኩሽና የሚያልቅ ሥራ ነው። በክር አንጠልጥለው ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ይንከሩት፣ ጎኑ ድስቱን አይንካ። ቴርሞሜትር ይጨምሩና ያሙቁ። መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ላይ ተቀርጿል። የውጭውን ውሃ በቀጥታ የሚጠቀሙ ሞተሮች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ የሚከፈት ይይዛሉ፤ ጨዋማ ውሃ ከዚያ በላይ ሲግል ቅርፊት መጣሉ ስለሚፈጥን ነው። በኩላንት የሚሠሩት ወደ 70ዎቹና 80ዎቹ ይጠጋሉ። ሲገዙ አያቀያይሯቸው።

መውጫውን መርሳት

የጭስ መውጫው ኤልቦ ውስጥ ትኩስ ጭስና ውሃ ይገናኛሉ። ጥላሸቱና ጨዉ እዚያ ይጋገራል፤ ክንድ የሚያክለው ቀዳዳ ጣት የማያስገባ ይሆናል። ከፓምፑ ጀምሮ ሁሉም አዲስ ሆኖ ሞተሩ የሚግል ከሆነ ይንቀሉትና በመብራት ወደ ውስጥ ይዩት።

ሙቀት መለዋወጫው ላይ ደግሞ ዝገትን የምትወስደዋ የዚንክ ዘንግ አለች። ስትበላ ተሰብራ ትወድቅና ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ትደፍናለች። አዲስ ከመጨመርዎ በፊት ጎኑን ከፍተው ስባሪውን ያውጡ። ጥርሷ ላይ ነጩን የቧንቧ ፕላስተር አይጠቅልሉ፤ ከብረቱ ጋር ካልተነካካች ሥራዋን አትሠራም።

ውሃው ይበቃል አይበቃም የሚለውን በግምት አይፍረዱ። ባልዲ ይያዙ። ከጭስ መውጫው የሚወርደው ውሃ 10 ሊትር ባልዲ በ30 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 20 ሊትር ነው። ሞተሩ ጤነኛ በሆነበት ቀን ይለኩና ከዙሩ ብዛት ጋር በማርከር የሞተሩ ክዳን ውስጥ ይጻፉት። ዛሬ 20 የነበረው ከስድስት ወር በኋላ 12 ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያው ከመጮሁ በፊት አወቁት።

ጌጁን ያለ ጥያቄ መቀበል

የሙቀት ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ነው። ውሃው ጠፍቶ በአየር ከተከበበ ያለውን ሙቀት ላያሳይ ይችላል። ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትርም የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ሲያነጣጥሩት አሳንሶ ይናገራል። ጥቁር ፕላስተር ለጥፈው እሱ ላይ ይለኩ።

ሲግል መደናገጥ

ነዳጁን ይቀንሱ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ ውሃ እየወጣ መሆኑን ይዩ። ከሌለ ያጥፉት። የኩላንቱን ክዳን በትኩሱ አይክፈቱ፤ እንፋሎቱ ፊት ይልጣል። የጋለ ብሎክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ብረት ሊሰነጥቅ ይችላል።

ቫልቩ ክፍት ሆኖ ሞተሪኖ ማሽከርከር

ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ጀልባው ውስጥ ያለ ሞተር አልነሳም ሲል፣ ሞተሪኖ (ማስነሻው) በመታ ቁጥር ፓምፑም ይዞራል። ውሃ ወደ ማርሚታው ይገባል። ሞተሩ ስላልተነሳ ግን ውሃውን ገፍቶ የሚያስወጣ ጭስ የለም። ማርሚታው ይሞላል፣ ውሃው በጭስ መውጫው ወደ ኋላ ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አልነሳ ሲል ቫልቩን ይዝጉ፤ እንደተነሳ ወዲያው ይክፈቱት። ጀልባው ውስጥ ያለ ሞተር ጠፍቶ እያለ የግፊት ውሃ በቱቦ መልቀቅም እዚሁ ያደርሳል። ለብቻ የማጠቢያ ቀዳዳ ያላቸው ብዙ አውትቦርዶች ግን በተቃራኒው ጠፍተው ነው የሚታጠቡት። መመሪያውን ይዩ።

ሞተሪኖው ድንገት "ጠቅ" ብሎ ከቆመ ደግመው አይሞክሩ። ውሃ አይጨመቅም፤ የሚታጠፈው የፒስተኑ ዘንግ ነው። ካንዴላውን፣ ናፍጣ ከሆነ ኢንጀክተሩን ያውጡ። ሞተሩን በእጅ ያዙሩትና ውሃው ይውጣ። ዘይቱን ይዩ፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ይቀይሩት። ከዚያ በዚያው ቀን ሞተሩን አስነስተው በደንብ ያሙቁት። ነገ ይደርሳል ብለው ካሳደሩት ሲሊንደሩ ይዝጋል።