ኮምፒውተርን ወደምንፈልገው ዶሜይን ኮንትሮለር መምራት

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ ሐዋሳ የሆነ ድርጅት እንውሰድ። ቅርንጫፉ የራሱ ዶሜይን ኮንትሮለር (የድርጅቱ ኮምፒውተሮች በአንድነት የሚተዳደሩበትን ዶሜይን የሚቆጣጠርና ፓስዎርድ የሚያረጋግጥ ሰርቨር) እያለው ሠራተኛው ጠዋት ፓስዎርዱን አስገብቶ ዴስክቶፑ እስኪከፈት ብዙ ይጠብቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ኮምፒውተሩ አጠገቡ ያለውን ሰርቨር ትቶ አዲስ አበባ ያለውን እየጠየቀ መሆኑ ነው።

ምንም ሳትነኩ በፊት አረጋግጡ። ኮማንድ ፕሮምፕትን እንደ አድሚኒስትሬተር ክፈቱና «ኤንኤልቴስት /ዲኤስጌትዲሲ:» ብላችሁ የዶሜይኑን ስም አስከትሉ (ትእዛዞቹ እዚህ የተቀመጡት እንደሚነበቡ ነው፤ ስትጽፉ በላቲን ፊደል)። መልሱ የሰርቨሩን ስም፣ የሰርቨሩን ሳይትና የኮምፒውተሩን ሳይት ያሳያል (ሳይት እዚህ ድረ ገጽ ሳይሆን በኔትወርኩ ውስጥ አንድን ቦታ፣ ለምሳሌ ቅርንጫፍን፣ የሚወክል ስም ነው)። ሁለቱ ሳይቶች ከተለያዩ፣ ወይም «አወር ሳይት ኔም» የሚለው መስመር ጭራሽ ከሌለ፣ ችግሩ ተገኝቷል። «ሎግኦንሰርቨር» የሚባለውን ቫሪያብል ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ የሚይዘው በሎግ ኦን ሰዓት የነበረውን ስም ነው።

ኮምፒውተሩ ሰርቨር የሚመርጠው እንዲህ ነው። ከዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ ከሚተረጉመው አገልግሎት) የዶሜይን ኮንትሮለሮችን ኤስአርቪ መዝገቦች (አገልግሎቱን የትኛው ሰርቨር እንደሚሰጥ የሚናገሩትን) ይጠይቅና በዩዲፒ ፖርት 389 መልእክት ይልካል። የሚመልሰው ሰርቨር የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ አይቶ «አንተ የእገሌ ሳይት ነህ» ይለዋል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ የዚያን ሳይት ሰርቨሮች ይፈልጋል። የሰርቨሩን ስም ሆስትስ ፋይል ላይ መጻፍ ምርጫውን የማይለውጠውም ለዚህ ነው፤ ሆስትስ ፋይል ስምን ከአይፒ ያገናኛል እንጂ ኤስአርቪ መዝገብ አይዝም።

ስለዚህ ከዲኤንኤስ ጀምሩ። የኮምፒውተሩ አንደኛ ዲኤንኤስ የሐዋሳው ሰርቨር፣ ሁለተኛው የአዲስ አበባው ይሁን። የጉግልን ዲኤንኤስ 8.8.8.8ን በሁለተኛነት ማስገባት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፦ የመጀመሪያው ትንሽ ሲዘገይ ዊንዶውስ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ እሱም ስለ ውስጥ ዶሜይናችሁ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ይመልሳል። የኢንተርኔት ስሞችን ሰርቨሩ ራሱ በፎርዋርደር (ጥያቄውን ወደ ውጭ ዲኤንኤስ በሚያስተላልፈው ቅንብር) ይጠይቅ። አድራሻ የሚታደለው በዲኤችሲፒ ከሆነ ኦፕሽን 6ን (የዲኤንኤስ አድራሻ የሚያድለውን) እዚያው አስተካክሉ።

ዋናው ሥራ ያለው «አክቲቭ ዳይሬክተሪ ሳይትስ ኤንድ ሰርቪስስ» በሚባለው የዶሜይን ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ለሐዋሳ አዲስ ሳይት ፍጠሩ፤ «ሰብኔትስ» ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ የቅርንጫፉን ሰብኔት (የአይፒ አድራሻ ክልል)፣ ለምሳሌ 10.20.5.0/24፣ አስገቡና ከአዲሱ ሳይት ጋር አያይዙት። 10.20.0.0/16 ቀድሞ ለአዲስ አበባ ተመዝግቦ ቢሆን አትንኩት፤ ጠበብ ያለው ሰብኔት ያሸንፋል። ከዚያ የሚረሳው እርምጃ ይመጣል፦ የሐዋሳውን ሰርቨር ራሱን ከድሮው ሳይት በ«ሙቭ» ወደ አዲሱ አዛውሩት። ሰርቨሩ ላይ የኔት ሎግኦን ሰርቪስን ሪስታርት ስታደርጉ መዝገቦቹ በአዲሱ ሳይት ስም ዲኤንኤስ ውስጥ ይገባሉ። በሳይቶች መካከል ያለው ሪፕሊኬሽን (ሰርቨሮቹ ለውጥ የሚለዋወጡበት) ካልተቀየረ በየ180 ደቂቃው ስለሆነ፣ ለውጡ ወዲያው ካልታየ አትደንግጡ።

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሱና ያንኑ የኤንኤልቴስት ትእዛዝ መጨረሻው ላይ «/ፎርስ» ጨምራችሁ ድገሙት። ያለ «/ፎርስ» የሚመጣው ቀድሞ የተያዘው መልስ ሊሆን ይችላል።

ለሙከራ ያህል አንድን ሰርቨር በስም መያዝ ሲያስፈልግ «ኤንኤልቴስት /ኤስሲ_ሪሴት:» ብላችሁ የዶሜይኑን ስም፣ የኋሊት ስላሽና የሰርቨሩን ስም ጻፉ። ይህ የሚለውጠው የኔት ሎግኦንን (ኮምፒውተሩን ከዶሜይኑ ጋር የሚያገናኘውን ሰርቪስ) ግንኙነት ብቻ ነው፣ ያውም ለጊዜው። ኬርቤሮስ (ማንነት የሚያረጋግጠው ፕሮቶኮል) ሰርቨሩን ለብቻው ስለሚይዝ «ኬሊስት አድ_ባይንድ» ብላችሁ የዶሜይኑንና የሰርቨሩን ስም ስጡት፤ ስትጨርሱ በ«ኬሊስት ፐርጅ_ባይንድ» አጥፉት። ቦታው ለማይለወጥ ዴስክቶፕ በግሩፕ ፖሊሲ የሳይት ስም መወሰንም ይቻላል። ላፕቶፕ ላይ ግን አታድርጉት፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ ሲመጣም የሐዋሳን ሰርቨር ይፈልጋል።

ሁሉ ተስተካክሎ አንዳንድ ኮምፒውተሮች አሁንም ወደ ሩቁ ከሄዱ፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ በዊንዶውስ ፎልደር ሥር «ዲበግ» ውስጥ ያለውን የኔት ሎግኦን ሎግ ክፈቱ። «ኖ_ክላይንት_ሳይት» ከሚለው ጎን የተጻፉት አይፒዎች ከየትኛውም ሰብኔት ያልተመዘገቡ ናቸው፤ የቪፒኤን አድራሻዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ይገኛሉ። ፋየርዎል ላይ የቲሲፒ 389 ተከፍቶ የዩዲፒው ከተረሳ ደግሞ ሰርቨሩ እየሠራም ለኮምፒውተሩ እንደሞተ ነው።

ሰዓትንም እዩ። መብራት በሚመላለስበት ቢሮ የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀ ኮምፒውተር ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሣል፤ ከሰርቨሩ ጋር ያለው ልዩነት ከ5 ደቂቃ ካለፈ ኬርቤሮስ አይቀበለውም። ባትሪውን ቀይራችሁ ሰዓቱን በእጅ አስተካክሉ፤ አብዛኛው ዴስክቶፕ የሚወስደው ባትሪ ሲአር2032 ነው።