በከተማ ዳርቻ የራስ አገዝ ቁጠባ ቡድን አመሠራረት

እንደ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ልብስ በማጠብ፣ እንጀራ በመጋገር ወይም ጉሊት በመቸርቸር የሚተዳደሩ እናቶችን ይበልጥ የሚያደኸያቸው የገቢያቸው ማነስ ብቻ አይደለም። ከሰል በማዳበሪያ ለመግዛት አቅም ያጣች ሴት በየዕለቱ በትንሽ በትንሹ ስትገዛ፣ ሙሉ ማዳበሪያ ከምታስገባው ጎረቤቷ የበለጠ ታወጣለች፤ መነገጃ ሲያልቅባትም አራጣ አበዳሪ ዘንድ ከመሄድ በቀር አማራጭ አይኖራትም። የራስ አገዝ ቡድን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የዕቁብ ገንዘብ ለባለ ዕጣዋ ደርሶ ይወጣል፣ የዕድር መዋጮም ለሐዘን ቀን ይቀመጣል፤ የዚህ ቡድን ቁጠባ ግን እየተጠራቀመ ለአባላቱ በብድር ይሰጣል፣ ወለዱም ተመልሶ የጋራ ገንዘባቸው ይሆናል።

አሠራሩ በህንድ ገጠሮች በስፋት የተለመደ ሲሆን፣ ናባርድ የተባለው የህንድ የልማት ባንክ በ1992 እ.ኤ.አ. ቡድኖችን ከባንኮች ጋር ማገናኘት ጀምሯል።

ሲጀምሩ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ፣ በአንድ ሰፈር የሚኖሩና በኑሮ የሚቀራረቡ ሴቶችን ያሰባስቡ። ሻል ያለ ገቢ ያላት አባል ከገባች ሳታስበው ውሳኔውን ሁሉ ወደ ራሷ ልትስበው ስለምትችል፣ ይህ ነጥብ በይሉኝታ ሊታለፍ አይገባም። የሳምንቱ ቁጠባ መጠንም የሚወሰነው በጣም የተቸገረችው አባል ሳትጨነቅ ልትከፍለው በምትችለው ልክ ነው። ለምሳሌ 15 አባላት በሳምንት 50 ብር ቢቆጥቡ፣ በ12 ሳምንት 9,000 ብር ይጠራቀማል። ይህ ለአንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ሽንኩርትና ድንች ከአከፋፋይ በጅምላ ለማንሳት የሚያስችል ገንዘብ ነው።

ስብሰባው በየሳምንቱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ይሁን፤ ሰብሳቢነቱም በየተራ ይዙር። እያንዳንዷ አባል የቁጠባ ደብተር ይኑራት፣ ገንዘቡም በሁሉም ፊት ይቆጠር፤ ማንበብ የማይችሉ አባላት ካሉ የዕለቱ ሂሳብ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ገንዘቡ በሣጥን የሚቀመጥ ከሆነ ሦስት ጓጉንቸር ይበጅለትና ሦስት አባላት የየአንዱን መክፈቻ ይያዙ።

ብድር ከመፈቀዱ በፊት ተበዳሪዋ ምን እንደምትሠራበትና ከየትኛው ገቢ እንደምትመልሰው ለቡድኑ ታስረዳለች። የመጀመሪያው ብድር ትንሽና በአጭር ጊዜ የሚመለስ መሆኑ ይመረጣል። ለሕመምና ለድንገተኛ ችግር የሚውል መዋጮ ከብድሩ ገንዘብ ካልተለየ፣ አንድ ከባድ ወር የቡድኑን ጥሪት ጨርሶ ሊያሟጥጠው ይችላል። መክፈል ያቃታት አባል ስትኖር ሁለት አባላት ቤቷ ሄደው ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ታማ ወይም ሥራ አጥታ ከሆነ የመክፈያው ጊዜ ይራዘምላት፣ በአደባባይ ማሳፈር ግን ሌሎቹንም ከስብሰባው ያርቃል።

ቡድኑ ሂሳቡን ሳያዛንፍ አንድ ዓመት ከዘለቀ በጋራ ስም የባንክ ሂሳብ ይክፈት፤ ከዚያም ከሌሎች ቡድኖች ጋር ተቀናጅቶ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ለመመሥረት ስለሚጠየቀው ነገር የወረዳውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ያማክር።