አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ራሙ ጎድሎ ሲታይ

ላፕቶፑ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ ደብረ ብርሃን ከገባ በኋላ «ራሙ (ላፕቶፑ የከፈታችኋቸውን ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) 8 ጂቢ ተብዬ 5.9 ብቻ ነው» ብሎ 130 ኪሎ ሜትር መመለስ ጣጣ ነው። ፍተሻው ሁለት ደቂቃ ስለማይፈጅ ከሱቁ ሳትወጡ ብታደርጉት ይሻላል። ቤት ከደረሳችሁም ሻጩን ሌባ ከማለታችሁ በፊት የጎደለው የትኛው ቁጥር እንደሆነ እዩ።

ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ግቡ። «ኢንስቶልድ ራም» ፊት ለፊት ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የተገጠመው ነው፤ በቅንፍ ያለው ዊንዶውስ የሚጠቀምበት። 16 የተባለው 8 ብሎ ከጀመረ ወይ አልተገጠመም፣ ወይ አንዱ ራም አልተነበበም። የመጀመሪያው ልክ ሆኖ የቅንፉ ካነሰ ግን ራሙ አለ፤ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። (256 የተባለ ዲስክ 238 ሆኖ መታየቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አምራቹና ዊንዶውስ ጂቢን የሚቆጥሩበት ስሌት ይለያያል።)

የያዘውን ለማወቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪን ንኩ። «ሃርድዌር ሪዘርቭድ» የሚለው ጥቂት መቶ ኤምቢ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ተዉት። 2 ጂቢ ገደማ ከሆነና ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ ራይዘን ከሆነ፣ የራሱ ሜሞሪ የሌለው ግራፊክስ (ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል) ከራሙ ቆርሶ ወስዷል። ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ2 (ኤችፒ ላይ ኤፍ10) እየነካካችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ግቡና «ዩኤምኤ ፍሬም በፈር ሳይዝ» የሚለውን፣ ማለትም ግራፊክሱ የሚቆርሰውን መጠን፣ ወደ 512 ኤምቢ አውርዱ። ለወርድ፣ ለኤክሴልና ለኢንተርኔት ይበቃል፤ ጌም ለሚጫወት ግን ባይነካ ይሻላል። ምርጫው ጨርሶ የሌለባቸው ላፕቶፖች አሉ፤ እነሱን እንደ ባህርያቸው መቀበል ነው።

ከ8 ጂቢ ሦስት ምናምን ብቻ ከታየ አባውት ላይ «ሲስተም ታይፕ»ን እዩ። 32 ቢት ዊንዶውስ ከተጫነ ከ4 ጂቢ በላይ አያይም። ፋይላችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጣችሁ በ64 ቢት አስጭኑ። ይህም ካልሆነ ሲስተም ኮንፊገሬሽን ብላችሁ ፈልጉ፤ ቡት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ «ማክሲመም ሜሞሪ» ምልክት ካለበት አንሱትና ሪስታርት አድርጉ።

አሁንም ግማሹ ከጠፋ ራሙ በደንብ አልተቀመጠ ይሆናል። ዋስትና ካለው ራሳችሁ አትፍቱት፤ ለሻጩ ውሰዱት። የምትፈቱት ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ክዳኑን አንስታችሁ የባትሪውን ሶኬት አውጡ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ያዙ። በበጋው ደረቅ ብርድ በርኖስ ለብሳችሁ ወይም ባና በተነጠፈበት አልጋ ላይ እንዳትሠሩ፤ ሱፍ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ራሙን ሊገድለው ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ሆናችሁ መጀመሪያ ያልተቀባ ብረት ንኩ። ሁለቱን መያዣዎች ወደ ውጭ ስትገፉ ራሙ ብድግ ይላል። ስትመልሱት ራሙ ጠርዝ ላይ ያለውን ጎድጓዳ ከሶኬቱ ጥርስ አስተካክላችሁ፣ አዘንብላችሁ አስገቡና «ቀጭ» እስኪል ወደ ታች ተጫኑ። መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ደቂቃ ያህል ጨለማ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አታጥፉት።

ሁለት ራም ካለው አንድ በአንድ፣ በሁለቱም ሶኬት ሞክሩ። በሁለቱም ሶኬት የማይነበብ ራም ሞቷል፤ በአንዱ ሶኬት ብቻ ሁለቱም ካልተነበቡ ችግሩ ከቦርዱ (ሶኬቶቹ ካሉበት ዋናው ሰሌዳ) ስለሆነ ላፕቶፑ እንዳለ ወደ ሻጩ ይመለሳል።