ከእሳት አደጋ በኋላ፦ በመርካቶ የሚገኝ ቤተሰብና ሰፈር እንዲያገግም ከውጭ ሆኖ ማገዝ

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ እንደደረሰው ያለ ቃጠሎ ሲያጋጥም፣ በውጭ የምንኖር ሰዎች ያለንን አሰባስበን በመጀመሪያው ሳምንት እንልካለን፤ ጭንቀቱ የሚበረታው ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂው ከተበተነ በኋላ ስለሆነ፣ ከገንዘቡ ከፊሉን ለሦስተኛውና ለአራተኛው ወር ማቆየት ይመረጣል።

ሲደውሉ «እንዴት ተነሣ? ምን አየህ?» እያሉ ነገሩን ደጋግመው አያስተርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ልቦና ርዳታ በመመልከት፣ በማዳመጥና ከሚረዳ አካል ጋር በማገናኘት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ተጎጂው ካልፈለገ የደረሰበትን እንዲናገር አያስገድድም። «ነፍስህ ተርፋለች፣ ተመስገን በል» ማለትም፣ በፍቅር ቢነገርም፣ የሰውየውን አፍ ያዘጋል።

የመርካቶ ንግድ አብዛኛው በመተማመን በዱቤ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ፣ መዝገቡ ከሱቁ ጋር የተቃጠለበት ነጋዴ ማን ስንት እንዳለበት፣ እርሱም ለማን ስንት እንደሚከፍል ማስረጃ ያጣል፤ እንቅልፍ የሚነሳውም አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ አብረውት ስልክ ላይ ሆነው ዝርዝሩን ስም በስም እንደገና መጻፍ፣ ከባንክ ዝውውሮች ጋር ማመሳከርና በሽማግሌ አማካይነት የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅ፣ በእኔ አስተያየት ከብዙ ምክር ይበልጣል። ሱቁ ወይም ሒሳቡ በእርስዎ ስም ከሆነ፣ በኤምባሲ የተሰጠ ውክልና አዲስ አበባ ደርሶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ እስኪያልፍ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ዋናውን ሰነድ ቀድመው ይላኩ።

ሰፈሩን በሙሉ ለማገዝ ከሆነ መንገዱ ዕድር ነው። ዕድር ድንኳንና ወንበር ብቻ አይደለም፤ ማን ከቤት መውጣት እንደተወ፣ ማን መጠጥ እንዳበዛ የሚያውቁት አባላቱ ናቸው። ገንዘቡ በዳኛው፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ ፊርማ በደረሰኝ ይግባ፤ ለምን እንደሚውልም፣ ለምሳሌ ለሕክምና ክትትል የታክሲ እንደሆነ፣ በጽሑፍ ይስፈር።

አብዛኛው ሰው በዘመድና በጎረቤት መካከል ሆኖ ከጊዜ ጋር ይረጋጋል። ቅዠቱ፣ ድንጋጤውና እንቅልፍ ማጣቱ ከአንድ ወር አልፎ ሥራ ካስተወ ግን ባለሙያ ዘንድ መቅረብ ይኖርበታል፤ ራሱን ስለማጥፋት ከተናገረ በዚያው ቀን። የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለመርካቶ ቅርብ ቢሆንም ስሙ ብዙዎችን ያሸማቅቃል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው በጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና መኖሩን መንገር ይቀላል። ጸበል የሚሄድ ከሆነ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሁን፤ የመድኃኒቱንም ወጪ በአንድ ጊዜ ከመላክ ይልቅ በየወሩ፣ ወደ ቀጠሮው አብሮት ለሚሄደው ሰው መላክ ይሻላል።