ትልቅ የቢዝነስ ዝግጅት በየትኛው ሰፈር? ከሚፎካከሩ ሰፈሮች አንዱን እንዴት እንደሚመርጡ

ከተማው ከተመረጠ ሥራው ያለቀ የሚመስላቸው አዘጋጆች ብዙ ናቸው። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ሰፈር መሃል ከተማ ነው፤ ባንኩም ሆቴሉም ምግብ ቤቱም እዚያው ነው። ሌላው ዳር ላይ ያለ አዲስ ሰፈር ነው፤ አዳራሹ ግዙፍ ነው፣ ለኤርፖርትም ይቀርባል። ሁለቱም የሚያምር ብሮሹር ይልካሉ። ብሮሹሩን ለጊዜው ያስቀምጡት። ይልቅ አንድ እንግዳ ጠዋት ከሆቴሉ ወጥቶ ማታ እስኪመለስ ድረስ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ያስቡ። ሰፈር የሚመረጠው በእንግዳው ቀን ነው።

1. ዝግጅቱ ምን እንደሆነ ይለዩ

ከባድ ማሽን የሚታይበት ኤግዚቢሽንና የባለሀብቶች ጉባኤ አንድ ዓይነት ሰፈር አይፈልጉም። የመጀመሪያው ሰፊ ወለልና ለጭነት መኪና የሚመች መግቢያ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሰው ከሰው በቀላሉ የሚገናኝበት ቦታ ይፈልጋል፤ ትልቁ ውል ብዙ ጊዜ የሚጠነሰሰው ከአዳራሽ ውጭ ነውና።

ሆንግ ኮንግ ጥሩ ማሳያ ናት። አንዱ ትልቅ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1988 የተከፈተው፣ ዋን ቻይ በሚባለው ሰፈር ከቢሮዎችና ከሆቴሎች ጎን ያለው ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2005 ኤርፖርቱ አጠገብ የተከፈተው ኤዥያወርልድ ኤክስፖ ነው። በሴፕቴምበር የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጌጣጌጥ ትርዒት ለዓመታት በሁለቱም ቦታ ተከፍሎ ተካሂዷል። የከበሩ ድንጋዮች ኤርፖርቱ ጋ፣ ተሠርቶ ያለቀው ጌጥ ዋን ቻይ ይታይ ነበር። ስለዚህ ዝግጅቱን ለሁለት መክፈልም አንድ አማራጭ ነው። ግን ከባድ ነው፤ ይህን ማድረግ ያለበት የእያንዳንዱን ክፍል ገዢ በደንብ የሚያውቅ አዘጋጅ ብቻ ነው።

2. ወለሉን ይለኩ

ይህ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ወንበር ብቻ ለሚደረደርበት አዳራሽ ለአንድ ሰው 1 ካሬ ሜትር ገደማ ይያዙ፤ ጠረጴዛ ካለ ወደ 2 ያስጠጉት። ለኤግዚቢሽን ከተከራዩት ወለል ለዳስ፣ ማለትም ድርጅቶች ዕቃቸውን ለሚያሳዩበት ቦታ፣ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉን ነው። ቀሪውን መተላለፊያ፣ መድረክና ማረፊያ ይወስደዋል።

የሚቀጥሉትን ዓመታትም ያስቡ። ትልቁ የሞባይል ኢንዱስትሪ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2006 ባርሴሎና ሲገባ የተካሄደው በሞንትጁይክ ሰፈር ነበር። እያደገ ሄደና በ2013 በጣም ወደሚሰፋው የግራን ቪያ ማዕከል ተዛወረ። ከተማው ሳይቀየር ሰፈሩ ተቀየረ።

3. መንገዱን በራስዎ እግር ይሞክሩት

ብዙ አዘጋጅ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «ከመሃል ከተማ 20 ደቂቃ» የሚለው ወሬ እውነት የሚሆነው ምናልባት እሁድ ጠዋት ነው። እርስዎ መሄድ ያለብዎት ዝግጅቱ በሚከፈትበት የሳምንቱ ቀንና ሰዓት ነው። አንዴ በታክሲ፣ አንዴ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ይሂዱ። ሻንጣ ይዘው ይሞክሩት። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ያለ ችግር ማለፍ መቻሉንም ይዩ።

አዳራሹ ሩቅ ከሆነ «አውቶቡስ እናቀርባለን» ይባላል። ይሁን፤ ግን ይቁጠሩት። 2,000 እንግዳ በ50 ሰው አውቶቡስ 40 ምልልስ ነው። አንዱ ምልልስ 30 ደቂቃ ከፈጀ 10 አውቶቡሶች ሁሉንም ለማድረስ 2 ሰዓት ይወስዳሉ። በ1 ሰዓት ለመጨረስ 20 ያስፈልጋሉ። ያ ደግሞ መንገዱ ካልተዘጋጋ ነው። ከመሃል ከተማው አዳራሽ ኪራይ ጋር ሲያወዳድሩ ይህን ወጪ መደመር አይርሱ። ረክሶ የታየው ሰፈር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወደዳል።

ገና ያልተከፈተ ባቡርም ተስፋ እንጂ መጓጓዣ አይደለም። ለንደን ዶክላንድስ ያለው ኤክሴል የዝግጅት ማዕከል በአጠገቡ በሚያልፈው የኤሊዛቤት ባቡር መስመር ብዙ ተጠቅሟል። መስመሩ ግን ይከፈታል የተባለው በዲሴምበር 2018 ነበር፤ የተከፈተው በሜይ 2022 ነው።

4. ማታውንና መኝታውን ይዩ

በእግር 10 ደቂቃ ውስጥ ስንት የሆቴል ክፍል እንዳለ ይጠይቁ። በተለያየ ዋጋ መሆን አለበት። ሥራ አስኪያጁና ዳስ የሚጠብቀው ወጣት ሠራተኛ አንድ ሆቴል አያርፉም።

ከዚያ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሰፈሩን ይዙሩት። ቀን ሲጨናነቅ የሚውል የቢሮ ሰፈር ሲመሽ ጭር ሊል ይችላል። ምግብ ቤቶቹ ክፍት ናቸው? ብቻውን የሚሄድ ሰው ሳይሰጋ ይሄዳል? ስድስት ሰው ተቀምጦ የሚነጋገርበት ጸጥ ያለ ቦታ አለ? እንግዶች ለቀጣይ ዓመት ይመለሱ እንደሆነ ከሚወስኑት ነገሮች ይሄኛው ትልቁ ይመስለኛል፤ በብሮሹር ላይ ግን አይታይም።

5. የጓሮውን በር ይጠይቁ

መሃል ከተማ ላይ ጭነት መኪና የሚገባበት ሰዓት ሊገደብ ይችላል። መኪኖቹ ተራ የሚጠብቁት የት ነው? የዕቃ ሊፍቱ ስንት ኪሎ ይችላል? ወለሉስ በካሬ ሜትር ስንት ይሸከማል? ዳሶቹን ለመገንባትና ለማፍረስ ስንት ቀን ይሰጣል? መልሱን ከሽያጭ ክፍሉ ሳይሆን ከቴክኒክ ኃላፊው ይውሰዱ።

6. ነጥብ ይስጡ፣ ከዚያ ይደራደሩ

የትኛው መስፈርት ስንት ነጥብ እንደሚይዝ ሰፈሮቹን ከማየትዎ በፊት ይወስኑ። ካዩ በኋላ ከሆነ ልብዎ ወደወደደው እያደሉ ነው የሚያከፋፍሉት። የጉብኝት ግብዣው ሞቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ይባስ።

ተሸናፊውን ቶሎ አያሰናብቱት። ተፎካካሪ እንዳለ የሚያውቅ ሰፈር ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ሆቴል ቅናሽና ስለ ግንባታ ቀናት በቀላሉ ይነጋገራል። ቃል የተገባው ሁሉ ውሉ ላይ ይግባ። በዚያ ሳምንት አጠገብ የመንገድ ሥራ ወይም ሌላ ትልቅ ዝግጅት ቢመጣ ማን ምን እንደሚከፍልም ይጻፍ። ፊርማው እስኪያልቅ ድረስ የሁለተኛውን ሰፈር ቀን ይዘው ይቆዩ፤ ያለ ክፍያ እስከ መቼ መያዝ እንደሚችሉ መጀመሪያውኑ ይጠይቁ።